ወይዘሮ ትርሲት ቃላቸውን ያነሱበት እሑድ

ሐሙስ ግንቦት 7 ቀን 2073 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ድሬዳዋ ከዚራ የሚገኘው ዳቦ ቤት ኤልዳናን አላስገባም አለ። በዚያ ቀን የከለከላት አራተኛው በር ነበር።

«ይቅርታ፣ ሰውነትዎ ሞቋል። እባክዎ አረፍ ይበሉ» አለ በሩ ራስ ላይ ያለው ዘበኛ።

ዘበኛው የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል መስታወት ናት። በሁለት ሺህ ሃምሳዎቹ ያ ተላላፊ ትኩሳት ከየቤቱ ሰው ከወሰደ ወዲህ ዘበኛ የሌለው በር የለም። ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ አውቶቡሱም፣ የሰው መኖሪያም አለው። የሞቀውን ይመልሳል፣ የበረደውን ያስገባል። ለምን ሞቅህ ብሎ አይጠይቅም።

ኤልዳና እንደ ልማዷ ከበሩ ፊት ያለው የማብረጃ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ በርበሬ መስሏል። ላቡ ከአንገቷ ተነስቶ በጀርባዋ ይወርዳል። ያለፈው ያገደመው ሁሉ «ይብረድልሽ» ይላታል፣ እሷም «አሜን» ትላለች። እናቷ ወይዘሮ ትርሲት ልጅ ሳሉ እንዲህ ያለ ሰላምታ አልነበረም። አሁን ከ«እንደምን አደራችሁ» እኩል ይባላል።

ኤልዳና አርባ አራት ዓመቷ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄዳ በጨረር ታክማ ከካንሰር ድናለች። ጨረሩ ካንሰሩን አጠፋው፤ የወር አበባዋንም አብሮ ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ በቀን አሥራ አራት ጊዜ፣ ሲብስ አሥራ ስድስት ጊዜ፣ ያ ሙቀት ከደረቷ ተነስቶ እስከ ፀጉሯ ሥር ይወጣባታል። ሌሊት አንሶላ ትቀይራለች። ቀን ደግሞ በየበሩ ትቀመጣለች። የከዚራን አግዳሚዎች በሙሉ ታውቃቸዋለች፤ የትኛው ጥላ እንዳለው፣ የትኛው እግሩ እንደተሰበረ፣ የትኛው ላይ ማስቲካ እንደተለጠፈ።

ከዚያ በፊት ባቡር ነጂ ነበረች። ከድሬ ጅቡቲ አሥራ ሁለት ዓመት ነድታለች። አሁን የባቡሩ የነጂ ክፍል በርም አያስገባትም። አንድ ቀን ቢያስገባት እንኳ መንገድ ላይ ስትሞቅ ባቡሩ በራሱ ጊዜ ይቆማል። አንድ ጊዜ እንዲያ ሆኖ ሦስት መቶ መንገደኛ በረሃ መሀል ቁጭ ብሎ የእሷን መብረድ ጠብቋል። ስለዚህ ጣቢያው ግቢ ዛፍ ሥር አስቀምጠው የሌሎች ነጂዎችን የእረፍት ሰዓት ያስመዘግቧታል። በር የሌለው ሥራ እሱ ብቻ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይነዳበት የቆየ ፈቃድ ይሰረዛል፤ የእሷ የመጨረሻ ፈተና ማክሰኞ ሐምሌ 1 ነው። ያን ቀን ባቡሩን ሳይቆም ጅቡቲ ካላደረሰች ዳግመኛ ነጂ አትሆንም።

አብረዋት የመጡት ወይዘሮ ትርሲት ዳቦውን ገዝተው ሲወጡ ልጃቸው አጠገብ አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ተቀምጣ አገኙ። ሲስተር ፈቲያ ትባላለች፤ የሠፈሩ አዲስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፣ ከመጣች ሁለት ሳምንት አልሆናትም።

«አቦ እዚህ ነሽ እንዴ! ቤትሽ ሦስቴ መጥቼ አጣሁሽ።»

«ቤቴማ መች ያስገባኛል» አለች ኤልዳና በመሐረቧ እያራገበች።

ፈቲያ ሳቀችና ታብሌቷን ከፈተች። «ሙቀቱን የሚያበርደውን ሆርሞን ሰባት ጊዜ ጠይቀሽ ሰባቴ ተከልክለሻል። ምክንያቱን ነግረውሻል?»

«ማሽኑ 'አይፈቀድም' ብቻ ነው የሚለው። ካንሰር ካንሰር ነው ብዬ ተውኩት።»

«ካንሰር ሁሉ አንድ አይደለም እኮ። አንቺ ላይ የተጻፈው ሆርሞን የሚቀልበው ዓይነት ነው። ለሱ ሆርሞን መስጠት የተኛውን መቀስቀስ ነው።» ወደ ታብሌቱ አጎነበሰች። «የትኛው ጡትሽ ነው የታከመው፣ ግራው ነው ቀኙ?»

«ጡቴ?» ኤልዳና አንገቷን ደፍታ ደረቷን አየች። «ጡቴ ደግሞ ምን ሆነ?»

የወይዘሮ ትርሲት እጅ ውስጥ ያለው ዳቦ ትኩስ ነበር። ያቃጥላቸው ጀመር። ወደ ሌላው እጃቸው አላዛወሩትም።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ፈቲያ። ጣቷ ታብሌቱ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ሮጠ። «ሁለት ወረቀት አለ። የታከምሽበት ቦታ የላከው የማህፀን በር ይላል። የሠፈሩ መዝገብ ጡት ይላል። ሁለት ወረቀት ሲጋጭ ማሽኑ የከፋውን ይይዛል። ለካ በዚህ ነው! የማህፀን በር ከሆነማ ሆርሞን አይከለከልም። እንዲያውም በዚህ ዕድሜሽ መውሰድ አለብሽ፤ ለአጥንትሽም ለልብሽም። ሦስት ዓመት ሙሉ በከንቱ ነው የተቀቀልሽው!»

«የሠፈሩን ማን አስጻፈው?»

«'ወላጅ እናት፣ በቃል፣ በእድሩ ፊት' ይላል።»

ሁለቱም ዞረው ወይዘሮ ትርሲትን አዩ።

«ዳቦው ይቀዘቅዛል» አሉ ወይዘሮ ትርሲት። «እንሂድ።»

ቤት ሲደርሱ ጠቡ በረንዳው ላይ ሆነ፤ በሩ ኤልዳናን አላስገባ ብሎ ነበር።

«ሰው ምን ይላል ብዬ ነው» አሉ እናት። «ባቡር የምትነዳ፣ ባል የሌላት፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት ጅቡቲ የምታድር ልጅ፣ እዚያ ቦታ ታመመች ብል የጎረቤታችን የሜላት አፍ በምን ይዘጋ ነበር? በጡት ሰው ያዝንልሻል። በዚያኛው ያንሾካሹክብሻል።»

«ታዲያ ጉልበቷን ነው አትይም ነበር?»

«ጉልበት ካንሰር ይይዘዋል እንዴ?»

«ጡቴንስ ይዞታል?»

ኤልዳና ልትስቅ ነበር የከጀለችው፣ ግን ዕንባዋ ቀደመ። «በአባዬ ሙት ዓመት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነበርኩ። የሶስና ሰርግ ላይ በር ላይ ነበርኩ። የገዛ እህቴን በመስኮት ነው የዳርኳት፣ እማዬ።»

ፈቲያ መሀላቸው ገብታ የሚደረገውን ነገረቻቸው። በእድር ፊት በቃል የተመዘገበ ነገር የሚነሳው ያው የተናገረው ሰው እዚያው እድር ፊት ቆሞ ሲያነሳው ብቻ ነው። መመሪያው እንደዚያ ነው። መንግሥት የሠፈር ምስክርነትን፣ ሕመሙንም ሞቱንም፣ ለእድሮች ከሰጠ ቆይቷል። እድሩ በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ የፊታችን እሑድ ግንቦት 10፣ ከዚያ ደግሞ ሰኔ 8።

«ሆርሞኑ ሙቀቱን እስኪያበርድ አንድ ወር፣ ሁለት ወር ይፈልጋል» አለች ፈቲያ። «ሰኔ 8 ካሉ ለሐምሌ 1 አይደርስም። ያለው ይኼ እሑድ ነው።»

«እኔ ልንገራቸው» አለች ኤልዳና። «እኔ ምን አሳፈረኝ! ከፈለጉ በማይክሮፎን!»

«ያንቺ አፍ አይሆንም። ያስመዘገበው አፍ ነው።»

ዓርብና ቅዳሜ ወይዘሮ ትርሲት እህል አልቀመሱም። ቁም ሣጥኑ መስታወት ፊት ቆመው ይለማመዳሉ። «የማህ...» ይሉና ይስላሉ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ አራት ልጅ ወልደው ሁለት ቀብረዋል፤ ያን ስም ግን በአፋቸው አውጥተውት አያውቁም። ደግሞም እሱ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ስም ጀርባ ሌላ ነገር ነበረ። እሱን ለሰላሳ ዓመት ለባላቸውም፣ ለንስሐ አባታቸውም አልተናገሩትም።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ፈቲያን በር ላይ ያዟት። «ልጄ፣ አንቺው በጸጥታ አትሰርዥውም? ማን ያይሻል?»

«ማሽኑ፣ እማማ ትርሲት። ማሽኑ ያየኛል።»

እሑድ በአራት ሰዓት የእድሩ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። በሩ ወይዘሮ ትርሲትን «ይግቡ» አላቸው። ኤልዳናን «ይቅርታ» አላት።

«ሂጂ እማዬ። መስኮቱ ሥር ነኝ።»

ሰብሳቢው ጋሽ ናትናኤል ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዝጋቢ አበሩት። መዝጋቢው ሳሙና የምታክል ጥቁር ነገር ናት፤ የተባለውን ትሰማለች፣ ትጽፋለች። ወይዘሮ ትርሲት ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። እንደገና አስተካከሉ።

«ከሦስት ዓመት በፊት ስለ ልጄ ሕመም እዚህ ቆሜ የተናገርኩት ስህተት ነው። ቃሌን አነሣለሁ። ጡቷን አልነበረም። የታችኛው ነው።»

«ይቅርታ» አለ መዝጋቢው። «'የታችኛው' የሚባል ሕመም በዝርዝሩ የለም። እባክዎ ይድገሙ።»

«የሴት... የሴቶች ነገር ነው።»

«ይቅርታ፣ 'የሴቶች ነገር' የሚባል ሕመም በዝርዝሩ የለም። እባክዎ ይድገሙ።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ጋሽ ናትናኤል ጎንበስ ብለው፣ «እትዬ ትርሲት፣ እኔ ገብቶኛል፤ ይኼኛው ነው ያልገባው» አሉ።

ወይዘሮ ትርሲት መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል የኤልዳና ድምፅ መጣ።

«እማዬ! በስሙ ጥሪው! ሦስት ዓመት አብሮኝ ኖሯል፣ ስም አለው!»

«የማህፀን በር ካንሰር!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ትርሲት። መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ ቆመ። «የማህፀን በር ካንሰር! አሁንስ ተሰማህ?»

«ተሰምቷል» አለ መዝጋቢው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጭብጨባም ተሰማ። ወይዘሮ ትርሲት ራሳቸውም ሳያስቡት ሳቁ።

«የመጀመሪያው ቃል ለምን ስህተት ሆነ? ምክንያት ያስፈልጋል» አለ መዝጋቢው።

«አፍሬ ነው» ብለው ሊጨርሱት ነበር። ነገር ግን ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ ሜላት፣ ለጎረቤታቸው የሚናገሩ መስለው፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «እሱስ ከወንድ አይደል የሚመጣው? ጅቡቲ ማደር ነዋ» አሉ።

ወይዘሮ ትርሲት ሦስት ዓመት ሲፈሩት የኖሩት ይህንኑ ነበር። መጣ። ቆመው አዩት። እንደፈሩት ትልቅ አልነበረም።

«ከወንድ ይምጣ ከየት ይምጣ፣ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ» አሉ። «መዝግብ፣ አንተ። ኅዳር 2043። ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ለሴቶቹ ልጆች የዚህን በሽታ ክትባት ሊሰጡ ሐኪሞች መጡ። ክትባቱ ያመክናል ተባለ። እኔም አመንኩ። ሆዷን አሟታል ብዬ ዋሽቼ ቤት አስቀረኋት። አንድ መርፌ ነበር። አንዲት መርፌ! ጡት ያልኩትም የልጄን ስም ብቻ ብዬ አይደለም። ማህፀን በር ካልኩ አንዱ ሐኪም 'ክትባቱን አልወሰደችም እንዴ?' ይለኛል ብዬ ነው። እኔ እንዳልጠየቅ ነው ልጄ በየበሩ ሦስት ዓመት የተቀመጠችው።» ወደ ሁለተኛው ረድፍ ዞሩ። «ያመክናል ያልሽኝ ደግሞ አንቺ ነሽ፣ ሜላት። የአንቺንም ልጅ አስቀርተሻታል። ሁለቱ ልጆች የዚያን ቀን እኔ ቤት ገመድ ሲዘሉ ነው የዋሉት።»

ወይዘሮ ሜላት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

በሩ «ይግቡ» ሲል ተሰማ። ኤልዳና በርዶላት ገባች። ፀጉሯ ከግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ሁሉንም ሰምታለች። በወንበሮቹ መሀል አልፋ እናቷ ፊት ቆመች። ወይዘሮ ትርሲት ልጃቸው የምትመታቸው ሁሉ መስሏቸው ነበር።

«በዚህኛው ሌላ ቀን እንጣላበታለን» አለች ኤልዳና። «አሁን ፈርሚ።»

ወይዘሮ ትርሲት ጣታቸውን መዝጋቢው ላይ አሳረፉ። ፈቲያ ከጥግ ታብሌቷን እያየች ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ። ከዚያ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። «ተሰርዟል! ጡቱ ተሰርዟል! ተፈቅዷል!» ብላ ስትጮህ ከኋላ ያሉት ሴቶች እልል አሉ፤ በእድር ስብሰባ እልልታ ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ጋሽ ናትናኤል ሥርዓት፣ ሥርዓት እያሉ ጠረጴዛ ቢደበድቡ የሚሰማቸው ጠፋ።

ሲወጡ ወይዘሮ ሜላት በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። የወይዘሮ ትርሲት ፊት እንደ ልጃቸው ቀልቶ ነበር።

«ይብረድልሽ፣ ትርሲት» አሉ ወይዘሮ ሜላት፣ ቀና ብለው ሳያዩ።

«አሜን» አሉ ወይዘሮ ትርሲት።

መድኃኒቱ ማክሰኞ ግንቦት 12 ተጀመረ። ጠዋት ክንድ ላይ የሚቀባ ጄል ነው፤ ማታ ደግሞ የምትዋጥ አንዲት ፍሬ ኪኒን አለች። ሐኪሟ እስከ ሃምሳ አንድ ዓመቷ፣ የወር አበባዋ በተፈጥሮው ይቆም እስከነበረበት ድረስ ትወስዳለች፣ በየስድስት ወሩም እንያት አለ። ወይዘሮ ትርሲት ጄሉን ራሳቸው ካልቀባሁ ብለው ከልጃቸው ጋር ተሟገቱ። ፈቲያ ሰምታ፣ «እማማ፣ በባዶ እጅዎ ከነኩት እርስዎም ወጣት ሊሆኑብን ነው!» ብላ ከለከለቻቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ አልነበረም። አሥራ አራት ጊዜ። ኤልዳና ተስፋ ቆርጣ ቱቦውን ልትወረውረው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አሥራ አንድ ሆነ። በአራተኛው፣ ሰባት። አንድ ማለዳ ወይዘሮ ትርሲት ወደ ልጃቸው መኝታ ገቡና ቆሙ፤ አንሶላው ደረቅ ነበር። ኤልዳና አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። ሦስት ዓመት ያልሰሙት ማንኮራፋት ነው። ወንበር ስበው ቁጭ ብለው አዳመጡት።

ሰኔ 20 ቀን እናትና ልጅ ከዚራ ወጡ። ዳቦ ቤቱ «ይግቡ» አለ፤ ገቡ፤ ወጡ። ፋርማሲው «ይግቡ» አለ። የወንዶች ፀጉር ቤት ገቡ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንሥቶ፣ «ምን ልታዘዝ?» ቢላቸው፣ ኤልዳና «ምንም፣ ገብተን ልንወጣ ነው» አለችው። ሚስማርና ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ሦስቴ ተመላለሱ። ባንክ ገብተው ወረፋ ያዙ፣ ተራቸው ሲደርስ ተሳስቀው ወጡ። ወይዘሮ ትርሲት ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ «ያኛውስ? ያኛውን ገብተሽበት አታውቂም!» እያሉ ከመንገድ ማዶ ይጎትቷታል። አሥራ ዘጠኝ በር ቆጠሩ። አንዱም ይቅርታ አላለም።

ሐምሌ 1 ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወይዘሮ ትርሲት ጣቢያው ውስጥ ነበሩ። ፈቲያም መጥታለች። ኤልዳና የነጂ ልብሷን ለብሳ መጣች፤ ወገቡ ጠብቧታል። የነጂው ክፍል በር ፊት ቆመች። መስታወቷ ዘበኛ ከወትሮው የዘገየች መሰላቸው።

«ይግቡ» አለ በሩ።

ኤልዳና ዞራ እናቷን አየች። ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ እንደ ልጅ ዘለለች፤ ፈታኙ አቶ ቅዱስ አስሎ ሰዓቱን እስኪያሳያት ድረስ ዘለለች። ከዚያ ገባች። ባቡሩ ተነሣ።

ወይዘሮ ትርሲት ቤታቸው አልሄዱም። ልጃቸው የነጂዎችን ሰዓት ትመዘግብበት የነበረው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። በየደቂቃው ስልካቸውን ያያሉ። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ። ከዚያ ጮኸ።

«እማዬ! ደወሌ ገባሁ! ድንበሩ ላይ ነኝ! አንዴም አልቆመም፣ ሰማሽ? አንዴ ሞቅ ብሎኝ ነበር፣ ትንሽ፣ እንደ ሻይ እንፋሎት፤ ባቡሩ ዝም አለኝ! አለፈ!»

«ዓይንሽን ከመንገዱ አታንሺ!» አሉ ወይዘሮ ትርሲት እየጮኹ። «ስልኩን ዝጊ! ዝጊና ንጂ!»

ባቡሩ ጅቡቲ በሰዓቱ ገባ። እስከ ታኅሣሥ ድረስ በዚያ እድር ዘጠኝ እናቶች በሴት ልጆቻቸው ሕመም ላይ የሰጡትን ቃል አነሡ፤ ሦስተኛዋ ወይዘሮ ሜላት ናቸው። ካንሰሩ ኤልዳና ላይ አልተመለሰም። ጄሉን በ2080 ዓ.ም. በሃምሳ አንድ ዓመቷ አቆመች። እናቷ የሞቱት ከዚያ አሥራ አራት ወር ቀደም ብሎ፣ እሷ ባቡር እየነዳች ሳለ ነው።